የምወዳደረው ለተማሪዎቹ ነው ወይስ ለአባቴ?

ጥያቄ፦

ውድ አማካሪያችን፣ እንደምን ሰነበቱ?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ከባለቤቴ ጋር «ደብሊዩ» የተባለውን የኦሊቨር ስቶንን ፊልም አየን። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስለነበረው ስለ ጆርጅ ደብሊዩ ቡሽ የተሠራ ቆየት ያለ ፊልም ነው። የፖለቲካ ሹፈት ይሆናል፣ ስቀን እንተኛለን ብዬ ነበር የከፈትኩት። ግማሽ ሳይደርስ ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ተከትላኝ ስትመጣ ብርጭቆ እያጠብኩ አገኘችኝ። ብርጭቆው ንጹሕ ነበር።

ያስነሣኝ አባትየው ልጁን ፊት ለፊት እያየ ተስፋ እንዳስቆረጠው ሲነግረው ነው። ቃሉ የአባቴ ቃል አይደለም፤ አስተያየቱ ግን ቁርጥ የእሳቸው ነው።

አባቴ ጎጃም ውስጥ ለብዙ ዓመታት ርዕሰ መምህር ነበሩ። እኔም የተማርኩት እሳቸው በሚመሩት ትምህርት ቤት ነው። ስድስተኛ ክፍል ሁለተኛ ወጣሁና ካርዴን ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ካርዱን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፣ «አንደኛ የወጣው የማን ልጅ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «አባቱ ማንበብ አይችልም እኮ» አሉና ካርዱን መለሱልኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ሐኪም ነው። በቤታችን «ዶክተሩ» እየተባለ ነው የሚነሣው። እኔ አሜሪካ ስመጣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርቼ፣ ማታ ማታ ተምሬ፣ ዛሬ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ቤት ገዝቻለሁ። እናቴ ካረፉ በኋላ አባቴን አስመጥቼ አብረን መኖር ከጀመርን ጥቂት ዓመታት ሆኑን። እስከ ዛሬ አንድም ቀን «ጎበዝ» ብለውኝ አያውቁም። ቤተ ክርስቲያን የሚያገኟቸው አንድ ሽማግሌ በቀደም «አባትህ ስላንተ አውርተው አይጠግቡም» አሉኝ፤ ለማስደሰት ነው ብዬ አለፍኩት።

አሁን የምንኖርበት ከተማ የትምህርት ቦርድ ምርጫ ሊደረግ ነው። የሚያውቁኝ ወላጆች «ተወዳደር» ብለውኛል። ከትምህርት ቤት የሚላከውን ደብዳቤ ለአዳዲስ መጪዎች እተረጉማለሁ፣ ከመምህራን ጋር ሲሰበሰቡም አብሬያቸው እገባለሁ። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ሬዲዮናቸውን ዝቅ አድርገው «እሱ ደግሞ ምን ይሠራልሃል?» አሉኝና መልሰው ከፍ አደረጉት። ታናሽ ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. ከቤት ተወስዶ ቀርቷል፤ ፖለቲካ የሚባል ወሬ ከቤታችን የወጣው ያኔ ነው። ግን ይህ እኮ የትምህርት ቦርድ ነው! በአደባባይ ስመረጥ ቢያዩኝስ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ሌሊት እንቅልፍ አጣለሁ።

ከፊልሙ በኋላ ባለቤቴ «አንተም የምትወዳደረው ለአባባ ነው እንጂ ለልጆቹ አይደለም» አለችኝ። ተጣላን። እውነት ለአባቴ ስል ከሆነ ልተወው? ፊልሙንስ ባሳያቸው ይገባቸው ይሆን? ወይስ በዚህ ዕድሜያቸው አፍ አውጥቼ «ለምን አንድ ቀን አላመሰገኑኝም?» ልበላቸው?

ስሜ እንዳይጠቀስ፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦

ወንድሜ፣ ከሦስቱ ጥያቄዎችህ ቀላሉን ላስቀድም። ፊልሙን ለአባትህ አታሳያቸው። ሰካራም ጎረምሳ አባቱን «ና፣ ይዋጣልን» ብሎ ለድብድብ ሲጋብዝ የሚታይበት ፊልም ነው። እንግሊዝኛው ቢገባቸውም የቴክሳሱ አነጋገር አይያዝላቸውምና «ምን አለው?» እያሉ የሚጠይቁት አንተን ነው። ያን ጊዜ «ተስፋ አስቆረጥከኝ አለው» ብለህ በገዛ አፍህ ልትነግራቸው ነው? ፊልሙን ሽማግሌ አድርገህ ብትልከው እሳቸው የሚሰሙት ክስ ብቻ ነው፤ ያውም በሰው አገር ሰው ታሪክ የተጠቀለለ ክስ።

አንተን ከመቀመጫህ ያስነሣህ ትዕይንት ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2008፣ ቡሽ ገና ከዋይት ሐውስ ሳይወጣ ነው። ስቶን ያን ሁሉ የሥልጣን ታሪክ የፈታው በአንድ ነገር ነው፦ አባቱን ደስ ማሰኘት ያቃተው ልጅ። ጆሽ ብሮሊን ልጁን፣ ጄምስ ክሮምዌል አስቀድሞ ፕሬዚዳንት የነበረውን አባቱን ሆነው ይጫወታሉ። ልጅየው ዬል ይማራል፣ ይጠጣል፣ ከሥራ ሥራ ይዘላል። ተስፋ የተጣለው በታናሹ በጄብ ላይ ነው። ኋላ ልጅየው ራሱ ፕሬዚዳንት ሆኖ ኢራቅን ከወረረ በኋላ፣ አባቱ በሕልሙ ቢሮው ድረስ መጥቶ የቤተሰቡን ስም አጠፋህ ይለዋል። በመጨረሻ ባዶ የቤዝቦል ሜዳ መካከል ቆሞ የተመታች ኳስ ሊቀልብ ሽቅብ ያንጋጥጣል። ኳሷ አትወርድም።

ስቶን ከባዶ አልተነሣም። ቡሽ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ሳዳም ሁሴን ሲናገር አባቴን ሊገድል የሞከረ ሰው ነው ብሎ ነበር። ያም ሆኖ አንድን ጦርነት በአንድ ልጅ ናፍቆት መፍታት የሴፕቴምበር 11ን ጥቃት፣ የምክትሉን የዲክ ቼኒን ግፊት፣ ሳይገኝ የቀረውን የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ወሬ ሁሉ ወደ ጎን መግፋት ነው፤ እኔን አያሳምነኝም። ይህን የማነሣው አንተም ትምህርትህን፣ ቤትህን፣ አሁን ደግሞ ዕጩነትህን በዚሁ በአንድ ነገር ልትፈታው እየሞከርክ ስለመሰለኝ ነው። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ውለህ ማታ ክፍል ስትገባ የነበረው ልጅ አባቱን ብቻ ነበር የሚያስበው? የቤት ኪራይ አላሰበም? ቁጥር አልወደደም?

ለድብድብ የተጋበዘበት ትዕይንት በፊልሙ ጩኸት የሞላበት ነው። ቡሽ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ማስታወሻው እንደዚያ ስላለ አንድ ሌሊት ሲጽፍ ግን ጩኸት የለም። ጠጥቶ ሲነዳ የጎረቤት የቆሻሻ በርሜል ገጭቶ ቤት ይገባል። እናቱ ተቆጥታ ወደ አባቱ ትልከዋለች። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። አባትየው መጽሐፍ እያነበበ ነበር። መጽሐፉን ዝቅ አደረገ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ልጁን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ መነጽሩን መልሶ አደረገና ንባቡን ቀጠለ። ልጅየው አፍሮ ወጣ።

ያንተ አባት ለዚህኛው አባት ይቀርባሉ። ካርድህን ከላይ እስከ ታች አንብበው የመለሱልህ፣ ሬዲዮናቸውን ዝቅ አድርገው መልሰው ከፍ ያደረጉ ሰው ናቸው። ፊልም ዝምታን ማሳየት ሲቸግረው ወደ ጩኸት ይለውጠዋል። አንተ የኖርከው ግን ከዝምታው ጋር ነው፤ ዝምታ ደግሞ ከጩኸት የሚከፋበት ነገር አለው፤ የተባለው ምን እንደሆነ ልጁ ራሱ ይሞላዋል። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሲሞላው ደግሞ የሚጽፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አልበቃሁም»።

ስለ ካርዱ ያለኝን ልንገርህ። «አባቱ ማንበብ አይችልም እኮ» የሚለው ንግግር ስለ አንተ አይመስለኝም። መንደሩ ሁሉ «ጋሼ ርዕሰ መምህሩ» የሚላቸው ሰው፣ የገበሬው ልጅ የእሳቸውን ልጅ ቀድሞ ሲገኝ የተሰማቸውን እፍረት ነው የተናገሩት። እፍረቱ የእሳቸው ነበር፤ አንተ ተሸክመኸው አሜሪካ ገባህ። ተገቢ አልነበረም፤ ያን ዕለት ሁለተኛ የወጣ ልጅ ቢያንስ አንድ ደግ ቃል ይገባው ነበር። ይህን ለማለት የአባትህን ክብር መንካት አይጠበቅብህም። ለመሆኑ ለእሳቸውስ ማን ምን ብሏቸው ያውቃል? የእሳቸው አባት ልጃቸው ትምህርት ቤት ሲገባ መርቀው ሸኙት ወይስ «ከብቱን ማን ሊጠብቅ ነው?» አሉ? አብረህ እየኖርክ ይህን ጠይቀሃቸው ታውቃለህ? ለክርክር ሳይሆን እንዲያው ለወሬ፣ ሻይ ስታቀርብላቸው ጠይቃቸው። በዚያ ዘመን ከገጠር ወጥቶ የተማረ ሰው ይህን ሲጠየቅ ሬዲዮኑን ራሱ ያጠፋል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። በደብዳቤህ ውስጥ አጎትህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰህ «ግን ይህ እኮ የትምህርት ቦርድ ነው!» ብለህ አልፈኸዋል። እኔ ግን እዚያ ላይ ቆምኩ። «ምን ይሠራልሃል?» የሚለውን ንግግር አንተ የሰማኸው እንደ ንቀት ነው። በ1970 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸውን ከቤት ያስወሰዱ ሰው አፍ ውስጥ ያው ንግግር ሌላ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሰው በስም ዝርዝር ነበር የሚፈለገው። ስምህ ከወረቀት ላይ መስፈሩ፣ ስብሰባ ላይ መታየትህ፣ «ይህ የእገሌ ልጅ ነው» መባልህ ለሞት ይበቃ ነበር። አንተ አሁን ልታደርግ ያሰብከው ምንድን ነው? ከሰው ፊርማ ታሰባስባለህ፣ ስምህን በወረቀት ታሳትማለህ፣ በየስብሰባው ትነሣለህ። ቨርጂኒያና ያ ዘመን እንደማይገናኙ እሳቸውም ያውቃሉ። ፍርሃት ግን ይህን ዕውቀት አይሰማም።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውለህ እንደሆነ እንጃ። በአሜሪካ የምርጫ ሰሞን በየሰዉ ግቢ በሚተከለው ሰሌዳ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የቤተሰብ ስም ነው። በእኛ አጠራር ደግሞ እሱ የአባት ስም ነው። እንግዲህ ከተማው ውስጥ ለወራት ቆሞ የሚታየው ያንተ ስም ሳይሆን የእሳቸው ነው። በዚህ ጉዳይ አስተያየት ይኑራቸው ብትል ልማድ ብቻ አይደለም፤ በእርግጥም ያገባቸዋል። ከአባቱ ጋር ስም የተጋራው ቡሽ እንኳ የሚለይበት አንድ ፊደል ነበረው፤ የፊልሙም ርዕስ ሆናለች።

ልወዳደር ወይስ ልተወው? ባለቤትህ ያየችው ነገር አለ። በደብዳቤህ ውስጥ ለወላጆቹ ስለምትሠራው ሥራ የጻፍከው ሁለት መስመር ነው፤ የቀረው ሁሉ ስለ አባትህ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳህም ትምህርት ቤቱ ሳይሆን የእሳቸው ፊት ነው። ነገሩ ትንሽ የሚያስቅም ነው፤ ከከተማው ሕዝብ ሁሉ ድምፁን አብዝተህ የምትፈልገው ሰው ከአገር ቤት ገና መምጣቱ ነውና ምናልባት ድምፅ መስጠትም አይችል ይሆናል። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቼ «ተወው» አልልህም። ለአባቱ ብሎ የተማረ ሁሉ ዲግሪውን ይመልስ ቢባል አገራችን ሐኪም አይቀራትም ነበር። ሰው አንድን ነገር ለሁለትና ለሦስት ምክንያት ቢያደርገው ምንም አይደለም፤ ዋናው አንደኛው ቢጠፋ ሌሎቹ መቆም ይችላሉ ወይ የሚለው ነው።

እስቲ ይህን አስብ። ዛሬ ማታ ከሥራ ስትገባ አባትህ ብድግ ብለው «ልጄ፣ ኮርቼብሃለሁ» ቢሉህ፣ ነገ ጧት ቅጹን ለመሙላት ያለህ ጉጉት እንዳለ ይቆያል? ወይስ ድካም ተሰምቶህ «ደግሞ ለምን ልልፋ» ትላለህ? ሁለተኛው ከሆነ መልሱን ታውቀዋለህ። የትምህርት ቦርድ ሥራ ጭብጨባው በጣም ትንሽ ነው። ማታ ማታ ረጅም ስብሰባ፣ የበጀት ሰንጠረዥ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ለምን ዘገየ የሚል ወላጅ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ከየትኛው ሰፈር ተማሪ ይቀበል የሚል ጭቅጭቅ ነው። ሰው ለዚህ ራሱን የሚሰጠው ነገሩን ከወደደው ነው። አንተ ግን የሌላ ሰው ደብዳቤ መተርጎም ሳይሰለችህ፣ ማንም ሳይከፍልህ፣ ማንም ሳያይህ ዓመታት አሳልፈሃል። ያን ጊዜ አባትህ ገና ጎጃም ሳሉ የጀመርከው እንደሆነ ምክንያቱ የራስህ ነው ማለት ነው። መቼ ነበር የጀመርከው? ይህን ለባለቤትህ ንገራት፤ ለእሷም መልስ ይሆናታል፣ ለጠቡም።

እኔን የሚያሳስበኝ ብትሸነፍ የሚሆነው ነው። መራጩ ሌላ ሰው መምረጡ ተራ ነገር ነው፤ ቡሽም እ.ኤ.አ. በ1978 ለምክር ቤት ተወዳድሮ ተሸንፏል። ነገር ግን ሽንፈቱን ይዘህ ቤት ስትገባ የሚታይህ የካርዱ ቀን ከሆነ አንድ ተራ ምርጫ የሕይወትህ ብይን ይሆንብሃል። ስለዚህ የአባትህን ጉዳይ ከምርጫው በፊት ጨርሰው፤ ቢያንስ ጀምረው።

እንዴት ለሚለው እንደገና ወደ ቡሽ ቤት ልመልስህ፤ ፊልሙ ካነሣው ይልቅ ያላነሣው ይጠቅምሃልና። በማርች 2003 ጦርነቱ እንዲጀመር ባዘዘበት ዕለት ልጅየው ለአባቱ በእጁ ደብዳቤ ጻፈ። አባትየው በፋክስ መለሰለት፤ ደብዳቤህ ልቤን ነክቶታል፣ የምትሠራው ትክክል ነው አለው፤ በሦስት ዓመቷ በደም ካንሰር የሞተችባቸው ልጃቸው ሮቢን ትለው የነበረውን የፍቅር ቃልም ጨመረበት። (ጦርነቱ ትክክል ነበር ወይ የሚለውን ታሪክ ይፍረደው፤ የአባት ምርቃት ያገኘ ነገር ሁሉ ትክክል እንዳልሆነ ግን አንተም እኔም እናውቃለን።) በኖቬምበር 2018፣ አባትየው በ94 ዓመቱ ሊያርፍ ሲል፣ ልጅየው በስልክ እወድሃለሁ አለው። እኔም እወድሃለሁ ሲል መለሰ፤ የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ሆነ ተብሏል። እርግጥ ከዚህ ብዙውን የነገረን ልጅየው ራሱ ነው፤ ፖለቲከኛ ስለ ቤተሰቡ ሲጽፍ ደግሞ የሚያምረውን ያስቀድማል። ቢሆንም አንድ ነገር አስተውል። በሁለቱም ጊዜ ቀድሞ የተናገረው ልጅየው ነው። አባትየው መልስ ነው የሰጠው። ዝምተኛ አባቶች መጀመር ይቸግራቸዋል፤ መመለስ ግን ብዙዎቹ ይችላሉ።

ታዲያ ቀድመህ ተናገር ስልህ «ለምን አላመሰገኑኝም?» በል ማለቴ አይደለም። ያ ጥያቄ እሳቸውን ተከሳሽ፣ አንተን ከሳሽ አድርጎ ያስቀምጣል፤ እውነቱን እንኳ ቢነግሩህ አትሰማውም። «ጎበዝ» በሉኝ ብለህ ያገኘኸውንም «ጎበዝ» ራስህ አታምነውም። ምርቃት ግን በእኛ ዘንድ ይለመናል። መንገድ የሚሄድ፣ የሚያገባ፣ ሥራ የሚጀምር ልጅ አባቱ ጉልበት ላይ ጎንበስ ብሎ «ይመርቁኝ» ቢል የሚያፍር የለም። ለአባትህም ይቀላቸዋል። «ኮርቼብሃለሁ» ማለት ያልለመደ አፍ «አምላክ ከፊትህ ይቅደም፣ ክፉ አይንካህ፣ የጀመርከውን ያስፈጽምህ» ለማለት አይተሳሰርም፤ ከአባቶቻቸው ሲወርድ የቆየ ነውና ቃሉን መፈለግ አያስፈልጋቸውም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስታደርሳቸው መኪና ውስጥ ጀምረው። ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ማውራት ለሁለታችሁም ይቀላል። እንዲህ ልትላቸው ትችላለህ፦ «አባባ፣ ለትምህርት ቦርዱ ልወዳደር አስቤያለሁ። ስምዎ በየሰዉ ግቢ ሊቆም ነውና ሳልጠይቅዎ አልጀምርም። የሚያሰጋዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ።» ከዚያ ዝም በል። የመጣው መልስ ስለ ቦርዱ ላይሆን ይችላል፤ ስለ ወንድማቸው ሊሆን ይችላል። ወሬው ወደዚያ ከሄደ ምርጫህን ለዚያን ቀን እርሳውና አብረሃቸው ሂድ። ምናልባት ስሙን ከጠሩት ዘመን አልፏቸው ይሆናል። ምርቃቱን ሌላ ቀን፣ ቅጹን ልታስገባ ስትወጣ ጠይቃቸው።

ባይሆንስ? «እንደፈለግህ» ብለው ወደ መስኮቱ ቢዞሩስ? ሊሆን ይችላል፣ አልደብቅህም። ያን ቀን ያምሃል። ቢያንስ ግን የቀረው ነገር የእሳቸው አለመቻል እንጂ ያንተ አለመብቃት እንዳልሆነ በጆሮህ ሰምተሃል፤ ያን ያህል ጊዜ ስትሞላው የኖርከውን ባዶ ቦታ መሙላት ታቆማለህ። የካርዱን ነገርም በዚያው ቀን አታምጣው። ሌላ ጊዜ፣ ነገሩ ሲለዝብ፣ እንደ ጨዋታ «ያን ካርድ ያስታውሱታል?» ማለት ትችላለህ። ላያስታውሱት እንደሚችሉ ግን አስቀድመህ ተዘጋጅ። አንተ ይህን ያህል ዘመን የተሸከምከውን እሳቸው በማግስቱ ረስተውት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ክፋት አይደለም፣ ያማል እንጂ።

ቤተ ክርስቲያን ያገኘሃቸውን ሽማግሌ ደግሞ እንደገና ፈልጋቸው። «አውርተው አይጠግቡም» ያሉህን ለማስደሰት ነው ብለህ ገፋኸው፤ ምን እንደሚያወሩ ግን አልጠየቅካቸውም። ብዙ የአገራችን አባቶች ልጅን በፊቱ ማመስገን ያበላሸዋል ብለው ያምናሉ፤ ሙገሳውን ለጎረቤት ያወሩታል። ልማዱን ወድጄው አይደለም፤ ሙገሳው ባለቤቱ ጆሮ ሳይደርስ ስንት ልጅ አድጓል። ቢሆንም ሰውየውን «ምን ብለው ነው የሚያወሩት?» ብለህ ብትጠይቃቸው ምንም አትከስርም።

ወንድምህን ሳላነሣ ብቀር ይቆጨኛል። በኖቬምበር 1994 ጆርጅ በቴክሳስ ለገዥነት አሸነፈ፤ በዚያው ዕለት ጄብ በፍሎሪዳ ተሸነፈ። አባታቸው ደስታው ቴክሳስ ነው፣ ልባችን ግን ፍሎሪዳ ነው አለ። አሸናፊው ልጅ ይህን ሲሰማ ምን እንደተሰማው መገመት ትችላለህ። ወላጅ ግን ልቡ የሚሄደው ወደሚጨነቅለት ነው፤ ይህን ከማዕረግ ጋር አታምታታው። «ዶክተሩ» ከአባቱ ውቅያኖስ ተሻግሮ ያለ ልጅ ነው። ያንተን ስም የሚጠሩት ደግሞ ከጎናቸው ስላለህ፣ መድኃኒታቸውን ስለምታቀብላቸው፣ በየቀኑ ስለሚያዩህ ነው። ይህ ግምቴ ነው፤ ልሳሳት እችላለሁ። የሚያውቀው ወንድምህ ነውና በዚህ ሳምንት ደውልለት። ምርጫውን ንገረውና ከዚያ በግልጽ ጠይቀው፦ «ለአንተ አባባ ጎበዝ ብለውህ ያውቃሉ?» ምናልባት እሱም አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ አባቱን አሜሪካ ወስዶ የሚያኖረው ታናሹ እንደሚበልጠው እያሰበ ይሆናል።